መጽሐፍና እጅ፦ ለአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት መምህራንን የማሠልጠን ታሪክ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስና የቴክኖሎጂ መምህራንን የማሠልጠን ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው የማሠልጠኛ ተቋማትን መከፈትና መዛወር፣ የፖሊሲዎችን መውጣትና መሻር፣ የሠልጣኞችን ቁጥር ማደግ እየተከተለ ነው። ይህ አካሄድ የራሱ ጥቅም ቢኖረውም አንድ ዋና ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል፤ ጥያቄውም ለመምህርነት የታጨው ወጣት በሥልጠና ላይ ሳለ ሳይንስን በገዛ እጁ ሠርቶት፣ በገዛ ዓይኑ መርምሮት ያውቅ ነበር ወይስ ሲነገረው ብቻ ሰማ የሚለው ነው። መምህር ክፍል ውስጥ ሲቆም የሚቀናው ራሱ የተማረበት መንገድ ስለሆነ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሕፃናት ምን ዓይነት ሳይንስ እንደሚያገኙ ይወስናል። የሰማንያ ዓመቱ የሥልጠና ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ፣ መንግሥታትና ፖሊሲዎች ቢፈራረቁበትም፣ በመጽሐፍና በእጅ መካከል የቆየውን ርቀት ለማጥበብ የተደረገ፣ አልፎ አልፎ የተሳካ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከመንገድ የቀረ ጥረት ሆኖ ይገኛል።

ዘመናዊ የሚባለው ትምህርት ከመምጣቱ በፊት የነበረው የቤተ ክህነት ትምህርት መምህር የሚያፈራበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። በንባብ ቤት፣ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት የሚያልፈው ተማሪ ገና በመማር ላይ ሳለ ከእርሱ በታች ያሉትን ያስጠናል፤ የኔታ የሚባለው መምህርም የበሰለውን ተማሪ መርቆ ወንበር እንዲዘረጋ፣ ማለትም የራሱን ጉባኤ ተክሎ እንዲያስተምር ያሰናብተዋል። የቁጥርና የሰማይ ዕውቀትም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ነበረው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ማውጫ ስሌት ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት የሚገናኙበትን ዑደት፣ ተደምረው 30 የሚሆኑትን መጥቅዕና አበቅቴ የተባሉ ቁጥሮች፣ በ532 ዓመት የሚዘጋውን ዐቢይ ቀመር ተማሪው በቃሉና በጣቱ እንዲያሰላ ያደርገው ነበር። ጽሕፈት የሚማረው ደግሞ ብራናውን ፍቆ፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል በጥብጦ፣ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ ነው። ከዚህ ሰፊ ቅርስ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የተሻገረው ግን ቃል በቃል የመያዝ ልማዱ ብቻ ነበር፤ ቀለም የመበጥበጡ ሙያም ሆነ ተማሪን በማስተማር የማብሰሉ ጥበብ ከደጅ ቀርቷል፤ ይህም ለኋላው የመምህራን ሥልጠና ትልቅ ጉዳት ነበር።

የአገሪቱ የቴክኖሎጂ ዕውቀት ዋና ማኅደር ከጉባኤ ቤቱ ውጭ ይገኝ ነበር። ማዕድኑን በወናፍ እሳት አቅልጦ ብረት የሚያወጣው ቀጥቃጭ፣ የአፈሩን ዓይነትና የእሳቱን ልክ ለይታ የምታውቀው ሸክላ ሠሪ፣ ሌጦውን ከፀጉሩ አላቆ የሚያለፋው ቆዳ ፋቂ፣ ድርና ማጉን የሚያገናኘው ሸማኔ፣ ዛሬ በኬሚስትሪና በፊዚክስ ስም የሚጠናውን ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያስተላልፉ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ባለ እጆች፣ በጎንደር አካባቢ ብረትና ሸክላ በመሥራት የታወቁትን ቤተ እስራኤላውያን ጨምሮ፣ በብዙ ቦታ ርስት ተነፍገው፣ ቡዳ እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ሲያሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከጎናቸው ሆነው ሙያውን እንዲቀስሙ አድርገው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያልፉ ግን ጅምሩም አብሮ ተበተነ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ገበሬውን በሙያው የሚያንቋሽሽ እንዲቀጣ የሚያዘው ይህ አዋጅ፣ አገር ሊሠለጥን የሚችለው እጅ ሲከበር መሆኑን ከትምህርት ባለሥልጣናት ሁሉ ቀድሞ የተረዳ ሰነድ ነው ሊባል ይችላል። ንቀቱ ግን በአዋጅ የሚለቅ አልነበረም፤ ወላጅም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ከእርፍና ከመዶሻ እንዲያመልጥ ነበርና፣ እጅን ከትምህርት ጋር ለማስታረቅ የሚነሣው መምህር ገና ከመጀመሪያው የሚጋፈጠው የማኅበረሰቡን ምኞት ሆነ።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን የሚመራ ሲሆን፣ መንግሥት በጊዜው አጥብቆ የሚፈልገው ከውጭ ኃይሎች ጋር የሚነጋገር አስተርጓሚና ጸሐፊ ስለነበረ የትምህርቱ ክብደት በቋንቋዎች ላይ አረፈ። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም የትምህርት ዓይነቱን ቢያሰፋ መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ ዜጎች ነበሩ። በአገር ውስጥ መምህር የሚያሠለጥን ተቋም ሳይኖር የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ደረሰ፤ በተለይም ከየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ የተማሩ ኢትዮጵያውያን እየታደኑ ስለተገደሉ፣ አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ትምህርት ቤት ከመክፈት ይልቅ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ከባዱ ጭንቅ ሆነ።

መምህራንን በአገር ውስጥ በመደበኛነት ማሠልጠን የተጀመረው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የተከፈተው የማሠልጠኛ ክፍል በኋላ ወደ ጉለሌ፣ ከጉለሌም ወደ ሐረር ተዛውሮ የሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ራሳቸው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም ያልራቁ ወጣቶች ስለነበሩ የሥልጠናው ትልቁ ክፍል የጎደላቸውን አጠቃላይ ዕውቀት በመሙላት ያልቅ ነበር፤ ፔዳጎጂ፣ ማለትም የማስተማር መርሕና ዘዴ ጥናት፣ በዚያ ላይ የሚደረብ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ መጻሕፍቱም ከውጭ የመጡ ስለነበሩ ሠልጣኙ ስለ ተክልና ስለ እንስሳ ሲማር በማሠልጠኛው አጥር ዙሪያ ያለውን ቁልቋልና ግራር አልፎ ያላየውን አገር ዕፅዋት ስም ያጠናል። እዚህ ላይ መምህራኑን መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ መጽሐፉ ያን ይዟልና፣ ፈተናውም የሚወጣው ከመጽሐፉ ነበር።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ይዞ የመጣው በ1940ዎቹ መጨረሻ በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የማኅበረሰብ መምህራን ማሠልጠኛ ነው። ፖይንት ፎር በሚባለው የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ድጋፍ የተጠናከረው ይህ ማሠልጠኛ፣ ለገጠር የሚላከው መምህር ሕፃናትን ከማስቆጠር ባሻገር የምንጭ ውሃ ንጽሕናን፣ የአትክልት አተካከልን፣ የቤት አያያዝንና የእጅ ሥራን ለመንደሩ ሁሉ የሚያሳይ እንዲሆን ያለመ ነበር። ሳይንስ የሚለው ስም ጎልቶ ባይወጣም በተግባር የሚሠራው ሳይንስ ነበር፤ ንጹሕ የመሰለ ውሃ ለምን እንደሚያሳምም፣ ፍግ አፈርን ምን እንደሚያደርገው፣ ጭስ ከቤት በየት በኩል መውጣት እንዳለበት ጠይቆ መልሱን ሠርቶ የሚያሳይ መምህር በአሠልጣኞቹ ሐሳብ ውስጥ ነበረ። ከደብረ ብርሃን የወጡት መምህራን ግን ጥቂት፣ አገሪቱ ደግሞ ሰፊ ነበረች፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ትኩረት ውሎ አድሮ ወደ መደበኛው ሥርዓተ ትምህርት፣ ማለትም በየክፍሉ የሚሰጠውን ይዘት ወደሚደነግገው ዕቅድ፣ እና ወደ ፈተናዎቹ ስላዘነበለ የማኅበረሰብ ትምህርት ጅማሬው ተዳከመ።

በዚያው ዘመን በዓለም ላይ ለሳይንስ መምህራን የሚሆን አንድ መጽሐፍ በሰፊው ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ዩኔስኮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤተ ሙከራዎቻቸው ለወደሙባቸው አገሮች መምህራን ጄ. ፒ. ስቲቨንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ያዘጋጀውን ትንሽ የምክር መጽሐፍ አሳተመ፤ ይኸው እ.ኤ.አ. በ1956 ሰፍቶና ታድሶ የዩኔስኮ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። መጽሐፉ ከጠርሙስ፣ ከቆርቆሮ፣ ከሽቦና ከእንጨት ሚዛን፣ መብራትና ፓምፕ መሥራትን፣ በአንዲት የውሃ ጠብታ ማጉያ መነጽር ማበጀትን ያስተምራል። አመጣጡ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ መሣሪያ መሥራት የድኻ አገር መጠገኛ ተደርጎ ሲታይ የኖረ ቢሆንም፣ መንገዱ የተጠረገው በበለጸገው አውሮፓ ፍርስራሽ ላይ ነው፤ የመጽሐፉም ሐሳብ መምህሩ መሣሪያውን ራሱ ሲሠራ መርሑን ከውስጡ ይረዳዋል የሚል ነበር። በኢትዮጵያ ማሠልጠኛዎች የትምህርት መርጃ መሣሪያ ዝግጅት የሚባለው ትምህርት ከዚህ ሐሳብ ጋር ቢዛመድም፣ በሂደት አብዛኛው ሥራ ወደ ሥዕል አዘነበለ። ሠልጣኙ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ልብንና ሳንባን በቀለም ይሥላል፤ የሙቀት መለኪያ ሥዕል ሠርቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሥራው ያምራል፣ ውጤትም ያስገኝለታል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሙቀት አይለካም፣ ሕፃኑም ከእርሱ የሚያገኘው ሌላ የሚጠና ጽሑፍ ነው። በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ጥሩ ሐሳብ ሳይታወቅ ወደ ተቃራኒው የተለወጠበት ቦታ ቢፈለግ ይህ ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ግብ ሲያስቀምጥ፣ አህጉሩ ለሥርዓተ ትምህርትም አዲስ ዓይን እየገለጠ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በኡጋንዳዋ ኢንቴቤ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የአሥር አገሮች ባለሙያዎች እየተገናኙ አዲስ የሒሳብ መጻሕፍት አዘጋጁ። ለሳይንስ የበለጠ ትርጉም ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 በናይጄሪያዋ ካኖ በተደረገ ዐውደ ጥናት የተጀመረው የአፍሪካ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ፕሮግራም ነው። የዚህ ፕሮግራም ጽሑፎች ሕፃናት የሚያጠኑትን ትርጓሜ የያዙ አልነበሩም፤ ስለ እርጥብ አሸዋ፣ ስለ ወባ ትንኝ፣ በሣር ግንባታ ስለ መሥራት የሚያወሱ፣ መምህሩና ሕፃናቱ አብረው የሚመረምሩባቸው መነሻዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በደረቅ አሸዋ ላይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ቆፍራ ጉንዳን የምታጠምደውን ትንሽ ፍጥረት የሚመለከት ሲሆን፣ መምህሩ ለሕፃናቱ ጥያቄ መልስ ከመስጠት ይልቅ ራሷን ፍጥረቲቱን ጠይቁ እንዲላቸው ይመክራል፤ ብርሃን ትወድ እንደሆነ ጥላ ሠርቶ ማየት፣ ከእርጥብና ከደረቅ አሸዋ የትኛውን እንደምትመርጥ ሁለቱንም አቅርቦ መጠበቅ ማለት ነው።

ከዚህ ሥራ በመምህራን ሥልጠና ረገድ ዘላቂ ትምህርት የተገኘው በታንዛኒያና በኬንያ ነው። በሞሮጎሮ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው ዮስ ኤልስትኬስት ጥያቄዎችን ለሁለት ከፈላቸው፤ አንደኛው ዓይነት መልሱ ከመጽሐፍ ወይም ከመምህሩ ቃል የሚገኝ፣ ሁለተኛው መልሱ ዕቃውን በማየት፣ በመንካት፣ በመመዘንና በመሞከር የሚገኝ ነው። ሠልጣኝ ሁለተኛውን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ የሚለምደው ደግሞ ራሱ ተጠይቆ መልሱን ፍለጋ እጁን ካቆሸሸ በኋላ ነው። በኬንያ ፕሮግራሙን እንድትገመግም የተጠራችው ኤሊኖር ዳክወርዝም የጽሑፍ ፈተናን ትታ፣ በፕሮግራሙ ያለፉና ያላለፉ ሕፃናትን ልዩ ልዩ ቁሳቁስ ባለበት ክፍል አስገብታ ምን እንደሚያደርጉ አስተዋለች፤ በፕሮግራሙ ያለፉት ብዙና የተለያየ ነገር ሞከሩ፣ የጀመሩትንም ውስብስብ እስከሚሆን ተከተሉት። ይህ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ ሲወጣ ለአሠልጣኞች ያተረፈው ቁም ነገር፣ የሳይንስ ትምህርት ፍሬ የሚለካው ሕፃኑ ማንም ሳያዘው በሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነው። በፈተና ውጤት ላይ ብቻ ለቆመ ሥርዓት ይህን መቀበል ከባድ ስለሆነ ፕሮግራሙ በየአገሩ ከተዘረጋበት ይልቅ በጥቂት ኮሌጆች የኖረበት ዘመን ይበልጣል።

ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን የራሷን ትልቅ እርምጃ ወስዳለች። እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት በባሕር ዳር የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ የተለየ ዓላማ ነበረው፤ ዋና ተልእኮው መምህራንን የሚያሠለጥኑትን ሰዎች፣ ማለትም የማሠልጠኛ ተቋማት አስተማሪዎችን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን ማዘጋጀት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትንም ከገጠር ኑሮና ልማት ጋር ማዛመድ ነበር። ይህ በታሪኩ ውስጥ እጅግ የበሰለው ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም መምህሩ እጁን እንዲያሠራ የሚጠበቀው አሠልጣኙ እጁን ሲያሠራ ካየ ብቻ ነውና፣ ችግሩን ከምንጩ ለመያዝ የሞከረ ተቋም ይህ ነበር። ሆኖም አካዳሚው ሥራውን ሳያደላድል አብዮቱ ፈነዳ፤ የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ የሚል ስም ይዞ ሲቀጥልም ለከፍተኛ ክፍሎች የትምህርት ዓይነት መምህራንን የማፍራቱ ሥራ እያመዘነ ሄደ፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሆነበት ጊዜ የመነሻው ተልእኮ ከሥራዎቹ መካከል ትንሹ ሆኖ ነበር።

ደርግ ትምህርትን ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት ብሎ ሲያውጅ፣ በቃል ደረጃ እጅና መጽሐፍ ታረቁ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻው ተከተለ፤ የትምህርት ቤቶችም ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። በሕዝቡ አነጋገር ቲቲአይ የሚባሉት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት 12ኛ ክፍል የጨረሱትን በአንድ ዓመት እያሠለጠኑ ቢያወጡም ለመድረስ አልቻሉም፤ ብዙ ወጣቶች ያለ ሥልጠና ወደ ክፍል ገቡ። ፖሊቴክኒክ ትምህርት የተባለው፣ ግብርናን፣ የእጅ ሥራንና የቤት አያያዝን ከሳይንስ ጋር የሚያጣምረው ዕቅድ በትምህርት ቤት የእርሻ ቦታዎች ላይ ተሞከረ። ነገር ግን ሥራው ብዙ ጊዜ ምርቱን እንጂ ጥያቄውን አልተከተለም፤ ተማሪው ጎመን ይተክላል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ የአንዱን መደብ ፍግ ጨምሮ ሌላውን ሳይጨምር አስተያይቶ እንዲመዘግብ የሚያደርግ መምህር ከሌለ ግን ሥራው ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያን የሚያውቅ መምህር ደግሞ በአንድ ዓመት ገለጻ አይፈጠርም።

የዚያ ዘመን ታላቅ ውለታ በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት ናቸው። እነዚህ ማዕከላት በአቅራቢያቸው ያሉ መምህራን ተሰብስበው ከእንጨት፣ ከሸክላ አፈር፣ ከቆርቆሮና ከወዳደቀ ዕቃ የትምህርት መሣሪያ የሚሠሩባቸው ቤቶች ነበሩ፤ በየትምህርት ቤቱም ትንንሽ ማዕከላት ተከፈቱ። ከቆርኪ የተሠራ መቁጠሪያ፣ ከወረቀት ድቁስ የተሠራ ሉል፣ ከእንጨትና ከገመድ የተበጀ ሚዛን ከእነርሱ ወጥቷል። ለዘመናት የተናቀው አናጢና ቀጥቃጭ የሚይዘው መሣሪያ በመምህር እጅ የገባው፣ መምህራንም ከመምህራን መማር የጀመሩት እዚህ ነው። ከማዕከላቱ ጎን የትምህርት መሣሪያዎች ማምረቻና ማከፋፈያ ድርጅት የሳይንስ ሳጥኖችን እያዘጋጀ ለትምህርት ቤቶች ያከፋፍል ነበር፤ ይሁንና በመንግሥት ንብረት አያያዝ መሠረት ለተሰበረው ዕቃ ተጠያቂው የተረከበው ሰው ስለሆነ፣ ብዙው ሳጥን ተቆልፎ በንብረት ክፍል መቀመጡ አያስደንቅም። መምህሩ በሥልጠናው ወቅት ዕቃውን ነክቶ፣ ሰብሮም ጠግኖ የማያውቅ ከሆነ ቁልፉን ከንብረት ኃላፊው ለመጠየቅ የሚያነሣሣው ነገር የለውም።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው፣ ሕፃናትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሳይንስ ለብቻው መቆሙ ቀርቶ ተፈጥሮን፣ ግብርናን፣ ጤናንና የማኅበረሰብን ኑሮ ባጣመረው አካባቢ ሳይንስ ተተካ፤ በ5ኛና በ6ኛ የተቀናጀ ሳይንስ፣ በ7ኛና በ8ኛ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለይተው ይሰጡ ጀመር። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚይዝበት፣ መምህራን ሰልፍ ኮንቴይንድ የሚሉት አሠራር ተግባራዊ ሆነ። ሐሳቡ ለሕፃን አስተዳደግ የሚስማማ ነው፤ ከክፍል ወጥቶ ጉንዳን የሚያይ ሕፃን በዚያው ሰዓት ይቆጥራል፣ ይሥላል፣ ይጽፋልም። ግን ከመምህሩ የሚጠይቀው ችሎታ ብዙ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ለዚህ ክፍል የሚመደበው አንድ ዓመት ብቻ የሠለጠነ ወጣት ነበር። ቋንቋውም ሌላ ችግር ይዞ መጣ፤ በክፍል ውስጥ ትምህርቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሲዳምኛ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ማሠልጠኛ የሳይንሱ ኮርስ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለነበር፣ ሠልጣኙ ያጠናውን በክፍሉ ቋንቋ የመናገር ልምምድ ሳያገኝ ሥራ ይጀምራል።

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ቴሶ በሚል ምኅጻር የታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ መጣ። ቀድሞ በኮርሱ መጨረሻ ለጥቂት ሳምንታት ይደረግ የነበረው የማስተማር ልምምድ ፕራክቲከም ተብሎ በየዓመቱ እንዲከፋፈል፣ ሠልጣኙም የራሱን ክፍል የሚያጠናበትን ተግባራዊ ምርምር እንዲለምድ ተደረገ፤ ማሠልጠኛዎቹም ወደ ኮሌጅነት አድገው ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት የሚወስድ ዲፕሎማ ይሰጡ ጀመር። ሠልጣኙን በአንድ ትምህርት፣ በተዛማጅ ትምህርቶች ስብስብ ወይም በሁሉም ትምህርት የማዘጋጀት አማራጮች፣ ማለትም ሊኒየር፣ ክላስተርና ጄኔራሊስት፣ እየተፈራረቁ ተሞክረዋል። ተማሪ ተኮር የሚለው ቃል በየኮሌጁ ዘልቆ ገባ፤ አስተማሪው ግን ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ ሁለት ሰዓት ገለጻ ሲሰጥ፣ ሠልጣኙ ደግሞ ኖት ሲይዝ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የትምህርት ምዘና የ4ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስን ከሚለካቸው ትምህርቶች አንዱ ያደረገው ሲሆን፣ በተከታታይ ምዘናዎች የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አጠቃላይ አማካይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች መገኘቱ የሥልጠናውን ጉዳይ በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ምሰሶዎች አንዱ አድርጎታል። ተሙማ በመባል የሚጠራው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም በሥራ ላይ ያለውን መምህር በየትምህርት ቤቱ እንዲሠለጥን አደረገው፤ የሥራ ማስረጃ የሚሰበሰብበትን ማኅደር የመሙላቱ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከመማሩ በለጠ።

ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ ድጋፍ የተካሄደው የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ ፕሮጀክት ከዚህ ውስጥ ለየት ብሎ ይታያል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1998 በኬንያ የተጀመረ ተመሳሳይ ሥራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ፣ በኦሮሚያና በአማራ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን ላይ አተኩሯል። መምህራኑ የዕለት ትምህርታቸውን አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይመለከታሉ፣ ከዚያም ያዩትን ተወያይተው ያሻሽሉታል፤ ሙከራው በአካባቢ ዕቃ ይዘጋጃል፣ ከመምህሩ ይልቅ ተማሪው ይሠራዋል። በዚህ አሠራር መምህሩ ተማሪ ሆኖ ሙከራውን በእጁ ይሞክረዋል፣ ሲበላሽበትም ለምን እንደተበላሸ ከባልደረቦቹ ጋር ይመረምራል፤ ይህም የሞሮጎሮው ኮሌጅና የአውራጃ ማዕከላቱ በየራሳቸው መንገድ የደረሱበት ነገር ነው። የተዋረድ ሥልጠና፣ ማለትም ጥቂት አሠልጣኞች ብዙዎችን፣ እነዚያም ሌሎችን የሚያሠለጥኑበት አካሄድ፣ በየእርከኑ እያነሰ የሚሄደው በመጀመሪያ ተግባሩ፣ በመጨረሻ ወሬው መሆኑን ግን ይህም ፕሮጀክት አላመለጠውም።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀር ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ኮሌጅ የሚያስገባው በር ተዘጋ፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃን ወደ ስድስት ዓመት መልሶ 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ አደረገ። ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገባው ወጣት አሁን 12ኛ ክፍልን የጨረሰ በመሆኑ የጎደለውን ይዘት በመሙላት ይጠፋ የነበረው ጊዜ ለተግባር ሊተርፍ ይችላል፤ ይህ የደብረ ብርሃንም ሆነ የጉለሌ አሠልጣኞች ያላገኙት ዕድል ነው። የኮሌጆቹ የሳይንስ አስተማሪዎች ግን ዛሬም በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑት ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪን ወይም ፊዚክስን ለሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ነው፤ ለሰባት ዓመት ሕፃን አሸዋና ውሃ አቅርቦ መጠየቅን የሚያስተምራቸው ኮርስም ሆነ ያንን ብቻ ተልእኮው ያደረገ ተቋም፣ የባሕር ዳሩ አካዳሚ መንገዱን ከለወጠ ወዲህ፣ አልተተካም።